«ኦነርስ» ያላገኘ የሕክምና ተማሪ ሬዚደንሲ ሲያመለክት



አሜሪካ ውስጥ ሕክምና የሚማሩ ልጆች አሉን። እዚህ አገር ተመርቀው የአሜሪካኑን ፈተና ሌሊት ሌሊት የሚያጠኑም አሉን። ከሁለቱም ወገን የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የክሊኒካል ውጤቴ መካከለኛ ነው፤ ሬዚደንሲ የሚቀበለኝ አለ?» አንዳንዱ ይህን ጠይቆ መልሱን እንኳ ሳይጠብቅ ተስፋ ይቆርጣል። በኔ እይታ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር የለም። ጊዜና ጉልበት በተሳሳተ ቦታ ማፍሰስ ግን ብዙዎችን ዋጋ ሲያስከፍል እናያለን።

ቁጥሩን እንይ። በ2025 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው «ማች» ከ43 ሺህ በላይ ቦታ ቀርቦ ነበር። ከአሜሪካ የኤምዲ ትምህርት ቤቶች በዚያው ዓመት ተመራቂ ከነበሩት አመልካቾች ከመቶ 93 የሚሆኑት ቦታ አግኝተዋል። ውጭ አገር ከተማሩ የውጭ ዜጎች ግን ያገኙት ከመቶ 58 ገደማ ናቸው። 93ቱ በሙሉ ኦነርስ ይዘው እንዳልገቡ ግልጽ ነው።

ይህ ውጤት ምን እንደሆነ እንረዳ። ተማሪው ሦስተኛ ዓመት አካባቢ ከክፍል ወጥቶ ሆስፒታል ይገባና በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማህፀንና ጽንስ፣ በአእምሮ ሕክምና እየዞረ ይሠራል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ውጤቱ ኦነርስ፣ ሃይ ፓስ ወይም ፓስ ይባላል። ከፊሉ ከጽሑፍ ፈተና ይመጣል። ሌላው አብረውት የሠሩት ሬዚደንቶችና አቴንዲንጎች ከሚሞሉት ግምገማ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ኦነርስን ለብዙው ተማሪ ያድላል፣ ሌላው ለጥቂቶች ብቻ ይሰጣል። ለዚህም ነው ዲኑ ስለ ተማሪው በሚልከው ደብዳቤ ላይ የክፍሉ ውጤት እንዴት እንደተከፋፈለ አብሮ የሚታየው። የኛ ልጅ «ፓስ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ሲያዝን መራጮቹ አጠገቡ ያለውን ስዕል ጭምር ያያሉ።

ልጆቻችንን በተለይ የሚጎዳ አንድ ነገር አለ፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት አደብ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሳይጠየቁ መናገር ድፍረት ነው፣ የሚያውቁትን ማሳየት ደግሞ ጉራ ነው። ልጁ ይህን አደብ ይዞ ራውንድ ላይ ይቆማል። ታካሚውን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ሌሊቱን ሲያነብ አድሯል፣ ግን ዝም ይላል። ግምገማው ላይ «ጸጥተኛ ነው፣ የበለጠ ቢያነብ» ተብሎ ይጻፍበታል። አቴንዲንጉ ጠልቶት አይደለም። የሚያየው የተነገረውን ብቻ ስለሆነ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። «ስለዚህ ታካሚ ማታ አንብቤ ነበር፤ ይህ በሽታ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እንዲህና እንዲህ ነው፤ ዛሬ ይህን ምርመራ ብናዝዝለት እላለሁ» ማለት ጉራ አይደለም። ሐሳቡ ቢሳሳት እንኳ ያሰበ መሆኑ ይመዘገብለታል። ሮቴሽኑ ከመጋመሱ በፊትም «ምን ላሻሽል?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ነው፤ በመጨረሻው ቀን ጠይቆ የተሻሻለ የለም።

በግምገማ ላይ በዘር ምክንያት ልዩነት እንደሚታይ በዚያው በአሜሪካ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህን ማወቅ ራስን ከመውቀስ ያድናል። በማመልከቻ ጽሑፍ ላይ ማማረር ግን አይጠቅምም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ስቴፕ 2። ስቴፕ 1 ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነጥብ «አለፈ፣ ወደቀ» ብቻ ሆኗል። ከመላው አገር የመጡ ተማሪዎችን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ቁጥር የቀረው ስቴፕ 2 ላይ ነው። መካከለኛ የክሊኒካል ውጤት ያለው ሰው ይህን ፈተና «ማለፍ ይበቃኛል» ብሎ ከተቀመጠ የቀረበለትን ዕድል መለሰ ማለት ነው። ፕሮግራሞች ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት በመስከረም መጨረሻ ስለሆነ ውጤቱ ቀድሞ እንዲደርስ በበጋው መጀመሪያ አካባቢ መፈተን ይሻላል። የአሜሪካንን በጋ ማለቴ ነው።

ሁለተኛው አራተኛ ዓመት ላይ ያለው ሰብ-ኢንተርንሺፕ ነው። እዚያ ተማሪው እንደ ኢንተርን ታካሚዎችን በኃላፊነት ይይዛል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ፓስ የተሰጠው ልጅ በሚያመለክትበት ሙያ ላይ ሐምሌና ነሐሴን በደንብ ከሠራ፣ ውጤቱ ወደ ላይ እየሄደ መሆኑን የሚያነብ ሁሉ ያየዋል። ጠንካራ የድጋፍ ደብዳቤም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ደብዳቤ ላይ ያለው ስህተት ስም ማሳደድ ነው። አንድ ጊዜ ኮሪደር ላይ ሰላም ያሉህ ታዋቂ ፕሮፌሰር «ጎበዝ ተማሪ ነው» ብለው ሁለት መስመር ቢጽፉልህ ምንም አይጨምርልህም። አራት ሳምንት አብራህ የሠራች፣ የታካሚህን ቤተሰብ ስታረጋጋ ያየችህ ወጣት አቴንዲንግ የምትጽፈው ግን ይነበባል። ስትጠይቅም «ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» አትበል፤ «ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» በል። ካመነቱ አመስግነህ ሌላ ሰው ፈልግ። ለአንድ ፕሮግራም የሚላከው ቢበዛ አራት ደብዳቤ ነው፤ አንዱን ለስም ማባከን ያስቆጫል።

ምርምርን በተመለከተ የማየው ነገር ያሳስበኛል። ውጤቴ ዝቅ ብሏል ብሎ የፈራ ተማሪ፣ ስሙን ያልሠራው ጽሑፍ ላይ ለማስገባት ገንዘብ ይከፍላል፤ ወይም ጓደኛው «በነጻ» ያስገባዋል። ወንድሜ፣ ይህ ውሸት ነው! ውሸትነቱ ሳያንስ ኢንተርቪው ላይ «ይህን ጽሑፍ እስኪ አብራራልኝ» የሚል አንድ ጥያቄ ያፈርሰዋል። በኋላ ሰው ነፍሱን አምኖ የሚሰጠው ሐኪም ነው የምትሆነው፤ አማናው የሚጀምረው ከዚህ ወረቀት ነው። ይልቅ አንድ የጉዳይ ሪፖርት ወይም በዎርዱ ውስጥ አንድን አሠራር ያሻሻለ ትንሽ ፕሮጀክት ጀምሮ መጨረስ ይበልጣል። በቅርብ ዓመታት የማመልከቻው ፎርም የሚቀበለው አሥር ተሞክሮዎችን ብቻ ነው፤ ከነሱም ሦስቱን ብቻ «ትርጉም ያላቸው» ብሎ ማብራራት ይቻላል። ብዛት ቦታ የለውም። በመስጂድ ለዓመታት ሕፃናት ያስተማረች፣ ለስደተኛ እናቶች ሆስፒታል ሄዳ ያስተረጎመች እህት ይህን «ተራ ነገር» ብላ ትተወዋለች። ተራ አይደለም፤ ጻፊው።

የግል መግለጫው ጽሑፍ የይቅርታ ደብዳቤ አይደለም። ሕመም ወይም የቤተሰብ ችግር እውነት ውጤትህን ጎድቶት ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳና እለፍ። ምክንያት ከሌለ ዝም በል።

ስለ ሙያ ምርጫ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። የቆዳ ሕክምና፣ ኦርቶፔዲክስ፣ ኒውሮሰርጀሪ ላይ ፉክክሩ ሌላ ነው፤ የሚፈልገው ሰው ቢያመለክትም ሁለተኛ ሙያ አብሮ ቢያስብ ብልህነት ነው። ውስጥ ደዌ፣ ቤተሰብ ሕክምና፣ ሕፃናትና አእምሮ ሕክምና ለመካከለኛ ውጤት ሰፋ ያለ በር አላቸው። ልብ ሐኪም መሆን የሚፈልግም መንገዱ በውስጥ ደዌ በኩል ነው። ወላጆች «ልጄ ሰርጀን ካልሆነ» የሚሉትን ነገር ግን ቢቀንሱልን!

እዚህ ተመርቃችሁ ለምታመለክቱ፣ ሚዛኑ ትንሽ ይለያል። የዩኒቨርሲቲያችሁን ውጤት አንብቦ ደረጃውን የሚያውቅ መራጭ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የስቴፕ 2 ቁጥር ከሁሉም በላይ ይከብዳል። ከተመረቁ ብዙ ዓመት ያለፋቸውን የሚያጣሩ ፕሮግራሞች ስላሉ ዝግጅቱን አታዘግዩት። አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ቆሞ ማየትና በታካሚ ላይ መሥራት እኩል አይቆጠሩም፤ «ሮቴሽን ከነደብዳቤው» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን ሰው መጀመሪያ ይህን ልዩነት ጠይቁት። በጄ-1 ቪዛ የሚሄድ ደግሞ ከሥልጠናው በኋላ ነጻ የሚያደርገው ካላገኘ ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ የመቀመጥ ግዴታ እንዳለበት ከአሁኑ ይወቅ።

ከኢንተርቪው በኋላ የምርጫ ዝርዝር ስታስገቡ ደግሞ «እነሱ የሚፈልጉኝን አንደኛ ላድርግ» የሚል ምክር አትስሙ። ማቹ የሚሠራበት ስሌት ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአመልካቹ ምርጫ የሚነሳ ነው፤ ስሌቱን ካሻሻሉት አንዱ አልቪን ሮት በ2012 በዚህ ዘርፍ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ከልብ የምትፈልጉትን አንደኛ ብታደርጉ ሁለተኛው ጋ ያላችሁ ዕድል አይቀንስም። በማርች ሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ቦታ ማግኘት አለማግኘታችሁ ይነገራል፣ የት እንደሆነ አርብ ይታወቃል። ቦታ ላላገኘ፣ ባዶ የቀሩ ቦታዎች ላይ የሚያመለክትበት ዙር የሚጀምረው በዚያው ሰኞ ነው። ስለዚህ ያ ሳምንት ሳይደርስ ደብዳቤዎቻችሁንና ጽሑፋችሁን ለሁለተኛው ሙያም አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፤ ሰኞ ቀን ለማልቀስም ለመጻፍም የሚበቃ ጊዜ የለም።