በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም

ባለፈው ሳምንት ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈን ሳለ አንዲት እናት፣ “ልጄ ከተከተበ ጀምሮ ያተኩሰዋል፤ ክሊኒክ ሄጄ ብናገር ክትባት ትቃወማለች እንዳይሉኝ ፈራሁ” ሲሉ ሰማን። አጠገባቸው የነበሩት ደግሞ፣ “እኔማ የካፖኤታውን ከሰማሁ ወዲህ ማስከተቡንም ትቼዋለሁ” አሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አልፈረድንባቸውም። ነገሩን ግን አጥርቶ ማወቅ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2017፣ ከእኛ ከካኩማ ድንበሩን ተሻግሮ፣ በደቡብ ሱዳን ምሥራቅ ካፖኤታ፣ ናቾዶኮፔሌ በምትባል መንደር ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 15 ሕፃናት ሞቱ። ሌሎች 32 ታመው ዳኑ። ይህ እውነት ነው፤ የሚደበቅም አይደለም።

ታዲያ ምን ገደላቸው? የአገሪቱ ኮሚቴ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ባገኘው እገዛ መረመረ። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ነው፤ በፈሳሽ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይደፋል። እዚያ ግን ያልሠለጠኑ ሰዎች መበጥበጫውን አንድ ሲሪንጅ አራት ቀን ሙሉ ተጠቀሙበት፤ ክትባቱም ያለ ማቀዝቀዣ ከረመ። ጀርም ገባበት። ጥፋቱ የአያያዝ ነበር ማለት ነው። ይህ የታወቀው ነገሩ ተነግሮ ስለተመረመረ ነው። ዝም ቢባል ኖሮ ሰው ክትባቱን እንደረገመ ይቀር ነበር፤ ያው ስህተትም በሌላ መንደር ይደገም ነበር።

ከክትባት በኋላ ልጅ ሲታመም ምክንያቱ የተለያየ ሊሆን ይችላል፦ ከክትባቱ፣ ከአሰጣጡ፣ ወይም እንዲያው የተገጣጠመ እንደ ወባ ያለ ሌላ በሽታ። ይህን የሚለየው ምርመራ እንጂ የሰልፍ ወሬ አይደለም። ስለዚህ መናገር ክትባትን መቃወም ሳይሆን መጠበቅ ነው።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ካርዱን አትጣሉ፤ የተከተበበት ቀን እዚያ ላይ አለ። ከመርፌው በኋላ ወዲያው አትሂዱ፣ እዚያው ጥቂት ቆዩ። ቀላል ትኩሳትና የመርፌው ቦታ ሕመም የተለመደ ነው። ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ መርፌ የተወጋበት መግል ከያዘ ወይም ትኩሳቱ ከጠና ግን ነገ አትበሉ። ሄዳችሁም “መቼ ተከተበ? መቼ ጀመረው?” የሚለውን ተናገሩ፣ እንዲጻፍም ጠይቁ።

እኚያ እናት በማግስቱ ሄዱ። ማንም አልተቆጣቸውም፤ ቃላቸው ተመዘገበ፣ ልጁም ታከመ። የጎረቤታቸው ልጅ ግን እስካሁን አልተከተበም፤ ኩፍኝ ደግሞ እንዲህ በተጨናነቀ ሰፈር ገዳይ ነው። እስቲ እናንተም ምከሯቸው።