«ኒው ፎልደር» የማን ነው?

በዚህ ወር የምንጨዋወትበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ ሰነድና ፎቶ የሚጠፋው ግን በእርሱ ምክንያት ነው። ይኸውም ኮምፒውተር ራሱ ለፎልደር የሚያወጣው ስም ነው።

አዲስ ፎልደር ስንከፍት ዊንዶውስ «ኒው ፎልደር» ይለዋል። ሁለተኛውን ስንከፍት ያንኑ ስም ደግሞ ቁጥር 2 ይጨምርበታል፤ ቀጥሎ 3፣ ቀጥሎ 4። አባት የቤት ካርታውን ስካን አስደርጎ በአንዱ፣ እናት የልጇን የኒካህ ፎቶ በሌላው፣ ተማሪው የፊዚክስ ማስታወሻውን በሦስተኛው ያስቀምጣሉ። ከስድስት ወር በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም። ታናሽ ልጅ ለጨዋታ ቦታ ሲያጣ መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህንኑ ባለቤት የሌለው የሚመስለውን ነው። ምን ይፈረድበታል?

የባሰም አለ። ወንድምና እህት በየፍላሻቸው «ኒው ፎልደር» ይዘው መጥተው በአንድ ቦታ ቢገለብጡ፣ ዊንዶውስ ሁለቱን ፎልደሮች ያዋህዳቸዋል። በውስጣቸው ስሙ አንድ የሆነ ፋይል ካለ «ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል። ሳያነብ የተስማማ ልጅ የእህቱን ሥራ በራሱ ሥራ ይተካዋል። የተተካ ፋይል ደግሞ እንደተሰረዘ ፋይል ከሪሳይክል ቢን አይወጣም። እኛ መምህራን የተማሪዎችን ፍላሽ ስንቀበል ከሁሉ የሚያስፈራን ይህ ነው።

በዊንዶውስ 10 ሬጅስትሪ ገብቶ «ኒው ፎልደር» የሚለውን ስም በሌላ መቀየር ይቻላል። እኛ ግን አንመክርም። ሁሉም ፎልደር በአዲሱ ስም ቢጠራ መደናገሩ ያው ነው፤ ሬጅስትሪም ያልለመደ እጅ የሚገባበት ቦታ አይደለም። ይልቅ ፎልደሩ እንደተከፈተ፣ ገና ምንም ሳይገባበት፣ ስሙን መጻፍ ይሻላል። ያለፈውንም ቢሆን ፎልደሩን መርጦ ኤፍ 2ን በመንካት ማስተካከል ይቻላል።

በአማርኛ መሰየምስ? ይቻላል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ የቆየው ችግር ተቃሏል። ሆኖም የአጻጻፍ ልማዳችን ከዊንዶውስ ሕግ ጋር የሚጋጭባቸው ቦታዎች አሉ። በፎልደር ስም ውስጥ እዝባር አይፈቀድም። ስለዚህ «ት/ቤት» ወይም «ወ/ሮ» ብላችሁ ብትጽፉ አይቀበላችሁም፤ «ትምህርት ቤት» ብሎ መዘርዘር ነው። «2015 ዓ.ም.» ብላችሁ ስትጨርሱ የመጨረሻዋን ነጥብ ዊንዶውስ ዝም ብሎ ይጥላታል። የፈረንጁ ሁለት ነጥብም ክልክል ነው። የሚገርመው የእኛው ሁለት ነጥብ «፡» መፈቀዱ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነውና።

ከዚህም የሚከብደው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። አባት «ሠነድ» ብሎ የሰየመውን ልጁ «ሰነድ» ብሎ ቢፈልግ ኮምፒውተሩ «የለም» ይለዋል። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሐጅ» እና «ሃጅ» እንዲሁ ናቸው። ቤተሰቡ አንዱን አጻጻፍ መርጦ ይጽና። ለዓመት ዓመት ለሚከማች ነገር ዓመቱን ማስቀደም ጥሩ ነው፤ «2016 የቤት ግብር» ቢባል ፎልደሮቹ በየዓመታቸው ይሰለፋሉ።

አሁን ወደ «ዶክዩመንትስ» እንምጣ። ይህ ፎልደር እስከ ዊንዶውስ ኤክስፒ ድረስ «ማይ ዶክዩመንትስ» ማለትም «የእኔ ሰነዶች» ይባል ነበር። ስድስት ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር «የእኔ» ያለው ማን እንደሆነ እንጃ! በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ቪስታ «ማይ»ን አስቀረው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱ አካውንት ቢከፈትለት ግን ሁሉም የየራሱ «ዶክዩመንትስ» ይኖረዋል።

ስሙን መለወጥ ቢያምራችሁም ትልቁ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ካልተነካ በስተቀር የሚቀመጠው ዊንዶውስ ባለበት በሲ ድራይቭ ነው። ኮምፒውተሩ ታሞ ባለሙያ ፎርማት ሲያደርገው የሚጠፋውም ይኸው ሲ ነው። ዲ ድራይቭ ካላችሁ በዚያ ላይ አስቀድማችሁ አንድ ፎልደር ክፈቱ። ከዚያ «ዶክዩመንትስ» ላይ የቀኙን የማውስ ቁልፍ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎም «ሎኬሽን» በሉና ወደ ከፈታችሁት ፎልደር አዛውሩት። ዲ ራሱን ባዶውን አትምረጡ፤ «ፒክቸርስ»ንም እዚያው ፎልደር ላይ አትደርቡ፤ ኋላ መለየቱ ያስቸግራል።

«ዊንዶውስ» እና «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚባሉትን ፎልደሮች ስማቸውን አትንኩ። «ዩዘርስ» ውስጥ በስማችሁ የተከፈተውንም እንዲሁ ተዉት። የአካውንታችሁን ስም ብትለውጡ እንኳ እርሱ በቀድሞ ስሙ ይቀጥላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም።

ሲ እና ዲ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዲስኩ ራሱ ከተበላሸ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ የቤት ካርታውና የኒካሁ ፎቶ ከኮምፒውተሩ ውጭ በሌላ ዲስክም ይቀመጡ። የዚህን አሠራር ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እናየዋለን።