የብረት ቆቡ ለራስ ነው፤ ለጆሮስ?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሐሜት ነው። እኛ ግን በሠፈራችን የሚኖሩትን አንድ ጡረተኛ ሻምበል ባሻ ባየን ቁጥር ሌላ ትርጉም ይታየናል። ሰውየው በወጣትነታቸው መድፈኛ ነበሩ። መድፉ ሲተኮስ አፋቸውን እንዲከፍቱ ይታዘዙ ነበር፤ ጥጥ ያገኘ ጆሮውን ይወትፋል፤ ያላገኘ በመዳፉ ይይዛል። ዛሬ «ጋሼ፥ እንደምን አደሩ?» ስንላቸው «ገበያማ ተወዷል» ብለው ይመልሱልናል። እኛም እንስቃለን፤ እርሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። ትንሿ የልጅ ልጃቸው ስትጠራቸው ግን አይስቁም፤ ጨርሶ አይሰሟትምና። የወንድ ወፍራም ድምፅ ይደርሳቸዋል፤ የሕፃን ቀጭን ድምፅ አይደርሳቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጆሮ ውስጠኛ ክፍል፥ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት በተጠቀለለው አካል ውስጥ፥ ወደ 15 ሺህ የሚሆኑ ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት አሉ፤ ድምፅን ለነርቭ የሚያስረክቡት እነርሱ ናቸው። ከመጠን ያለፈ ድምፅ ሲመታቸው ይሞታሉ፤ በሰው ጆሮ ደግሞ የሞተው ተመልሶ አይበቅልም። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። ለድንገተኛ ድምፅ የአደጋ ወሰን ተብሎ የተያዘው 140 ዴሲቤል ሲሆን፥ የጠመንጃ ተኩስ በተኳሹ ጆሮ አጠገብ 160 ገደማ ይደርሳል። «ትርፉ 20 ብቻ አይደለምን?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በዚህ መለኪያ 10 ሲጨመር ኃይሉ 10 እጥፍ፥ 20 ሲጨመር 100 እጥፍ መሆኑን ያስታውስ።

«ወታደር ነው፤ ጆሮው ይለምዳል» የሚሉ አሉ። ይህን ንግግር አጥብቀን እንቃወማለን። ከተኩስ በኋላ ጆሮ ይደፈናል፥ ይጮኻል፤ በማግስቱ ሲከፈት ሰውየው የዳነ ይመስለዋል። ጆሮው ለመደ የሚባለው ብዙ ጊዜ መስማት ያቆመ ጆሮ ነው። በአሜሪካ፥ በአገልግሎት ላይ ለደረሰ ጉዳት ለቀድሞ ወታደሮች ካሳ ከሚከፈልባቸው ምክንያቶች ሁሉ በቁጥር አንደኛው የእግር ወይም የእጅ መቆረጥ አይደለም፤ በጆሮ ውስጥ የማያቋርጥ ጩኸት ነው። ካሳውን የሚቀበሉት ከ2 ሚሊዮን ይበልጣሉ።

እንግዲያውስ ጆሮን መድፈን አይበቃምን? ወታደሩን ብንጠይቀው አይበቃም ይለናል፤ እውነቱንም ነው። ጆሮው የተደፈነ ሰው የአዛዡን ትእዛዝ፥ የጓደኛውን ጥሪ፥ ከበስተኋላው የሚመጣውን ኮቴ አይሰማም። ስለዚህ ነገ እንዳይደነቁር ዛሬ እንዲሞት አንፈርድበትም፤ እርሱም ውታፉን አውጥቶ ይጥላል። እኛም በእርሱ ቦታ ብንሆን እንጥለው ነበር።

ኤሌክትሮኒክ የጆሮ መከላከያ ያስፈለገው ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ነው። በሁለቱ ክዳኖች ላይ ከውጭ ማይክሮፎን፥ ከውስጥ ትንሽ ድምፅ ማሰሚያ ይገጠማል። ዝግ ያለውን ንግግር ተቀብሎ አጉልቶ ያስገባል፤ ድምፁ ከተወሰነ ልክ፥ በብዙዎቹ ከ82 ወይም ከ85 ዴሲቤል፥ ሲያልፍ ግን ከዚያ በላይ አያሳልፍም። ሬዲዮም ሊቀጠልበት ይችላል።

ሆኖም ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ላይ ነው። ተኩሱን የሚመክተው ኤሌክትሮኒኩ አይደለም፤ ክዳኑና በዙሪያው ያለው ለስላሳ ትራስ ነው። የመነጽር ዘንግ ትራሱን ትንሽ ከፍ ካደረገው ድምፁ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። የአሜሪካ ጦር ከ2003 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ይገዛው የነበረው ባለ ሁለት ጫፍ ውታፍ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ኤሌክትሮኒክ አልነበረም፤ ክሱ ግን ያው የአገጣጠም ክስ ነበር። ውታፉ አጥሮ ሳይታወቅ ይላላል፥ ይህም ለጦሩ አልተነገረም ተብሎ ሦስት ኤም የተባለው ኩባንያ በ2018 ለመንግሥት 9.1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ በ2023 ደግሞ ከ200 ሺህ በላይ ከሳሾች ላቀረቡት ክስ 6 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በሁለቱም ጊዜ ጥፋተኛ ነኝ አላለም። የሒሳቡ መጠን ግን ስለ አንዲት ጣት የማታህል ዕቃ ነው።

ከብረት ቆቡ ጋር ያለውም ጣጣ እንዲሁ የአገጣጠም ጣጣ ነው። (ቆቡ ዛሬ ከብረት ሳይሆን ከጠንካራ ክር የሚሠራ ቢሆንም ስሙን አልተውነውም።) ጆሮን የሚሸፍነው የቀድሞው ዓይነት ከሥሩ ለክዳኑ ቦታ የለውም፤ ወይ ቆቡ ወደ ላይ ይነሣል፥ ወይ ክዳኑ ይላቀቃል። ስለዚህ ከጆሮ በላይ ተቆርጦ የቀረ ቆብ ተሠራ፤ ክዳኖቹም በጎኑ ካለው ሐዲድ ላይ በክንድ ይንጠለጠላሉ። ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ በጆሮ ዙሪያ ፍንጣሪ ይመክት የነበረው ክፍል ቀርቷል። በተጨማሪም የጆሮ ቅጠል ስለሚሸፈን፥ ድምፁ ከፊት ይሁን ከኋላ መለየት እንደ ባዶ ጆሮ አይቀናም። ሻጮች ይህን በደማቅ ቀለም አይጽፉትም።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ነገ በግዥ ማዘዣ ላይ የሚፈርሙ ብዙዎች ናቸው፤ ለጦር ሠራዊት ባይሆን ለፖሊስ፥ ለጥበቃ፥ ለዒላማ ተኩስ ክለብ። ቆቡ በአንድ ዓመት፥ የጆሮው መከላከያ «ገንዘብ ሲገኝ» በሌላ ዓመት መታዘዙ አይዋጥልንም። ሁለቱ በአንድ ራስ ላይ አብረው ይለኩ፤ መነጽር ያለው መነጽሩን አድርጎ፥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሙሉ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ተራው የአረፋ ውታፍ ለልምምድ ሜዳ ይታደል፤ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ክዳን ያለውም ቢሆን ውታፉን ከሥር ቢጨምር ከ5 እስከ 10 ዴሲቤል ያተርፋል፤ የክዳኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ በውታፉ ውስጥ ንግግር ሊሰማ ይችላል። የባትሪ ድንጋይም በዝርዝሩ ላይ ይጻፍ፤ ድንጋዩ ያለቀበት ዕለት ክዳኑ ተኩሱን መመከቱን አይተውም፤ ትእዛዝ ግን አያሰማም፤ ወታደሩም ያን ጊዜ አውልቆ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል።