የወተት ዋጋ ወሬና የተረሳው ፋጉሎ

የወተት ዋጋ ወሬ በኮልፌ ቀራንዮ እንደ ሰላምታ የተለመደ ነው። በአጠና ተራ፣ በአየር ጤና፣ በቤቴልም ሆነ በዓለም ባንክ ሰዎች ደኅንነት ተጠያይቀው ሲያበቁ «ወተት ስንት ገባ?» ይባባላሉ። ከወተቱ ሽንኩርቱ፣ ከሽንኩርቱ ዘይቱ፣ ከዘይቱ ጤፉ እየተመዘዘ ጨዋታው ይረዝማል። ቡና ሲፈላም፣ ታክሲ ሲጠበቅም፣ በስልክ መልእክት ሲላላኩም ወሬው ያው ነው። ጥቅሙ የሚናቅ አይደለም፤ አንዲት እናት ያገኘችውን ዋጋ ለጎረቤቷ ስትነግር ጎረቤቲቱ ገበያ ለገበያ ከመንከራተት ትድናለች። ችግሩ የሚመጣው ወሬው ዋጋ ነግሮ ሳያበቃ ፍርድ መስጠት ሲጀምር ነው። ፍርዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ወተቱን ያስወደደው ባለሱቁ ነው። ባለሱቁ ካልሆነ አከፋፋዩ፣ አከፋፋዩ ካልሆነ ደላላው ነው። ክሱ ከዚያ አያልፍም፤ ላሟ ጋ ደግሞ ጨርሶ አይደርስም። ይህ ፍርድ ለሌላ ሸቀጥ አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለወተት ግን ስሕተት ነው።

ወተት ወደ ሰፈሩ የሚገባው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው እዚያው ግቢ ውስጥ ታስረው ከሚቀለቡ ላሞች የሚታለበው ጥሬ ወተት ነው። ደንበኛው በወር ተዋውሎ ጠዋት ጠዋት ሃይላንድ ወይም ጆግ ይዞ ይሄዳል፤ ሒሳቡን ወር ሲሞላ ይከፍላል። ሁለተኛው ከከተማዋ ዙሪያ የሚመጣው ጥሬ ወተት ነው። ክፍለ ከተማው ለዚህ የተመቸ ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ የአምቦ መንገድ ከሆለታና ከቡራዩ፣ የጅማ መንገድ ደግሞ ከሰበታና ከዓለም ገና በአየር ጤና በኩል ወተት ያመጡለታል። ሦስተኛው ፋብሪካ ገብቶ የሚወጣው፣ በግማሽ ሊትር ላስቲክ የሚታሸገው ወተት ነው። ሾላና ማማ በዚህ መልክ የታወቁ ናቸው።

ሦስቱም መንገዶች የሚነሡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከመኖ። የከተማና የከተማ ዙሪያ የወተት ላም ሜዳ ወጥታ ስትግጥ አትውልም። የምትበላው ድርቆሽ፣ ፉሩሽካ፣ ፋጉሎና የቢራ አተላ ነው፤ ሁሉም በገንዘብ ይገዛል። እንዲህ ባለ እርባታ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው መኖ ነው። የየመኖው ዋጋ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። ድርቆሽ የሚታጨደው ክረምቱ ወጥቶ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ያን ጊዜ በርከት አድርጎ ገዝቶ የከመረ አርቢ ዓመቱን ይሻገራል፤ ገንዘብም ማስቀመጫም ያጠረው ግን ግንቦትና ሰኔ ላይ ሻጭ የጠራውን ዋጋ ይከፍላል። ፉሩሽካ የዱቄት ፋብሪካ ተረፈ ምርት ስለሆነ ስንዴ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፋጉሎ ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነው። ኑግ ካልተጨመቀ ፋጉሎ የለም፤ አገሩ የሚበላው ዘይት ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ፓልም ነው። በቡናው ላይ ዘይትና ወተት ተራ በተራ ይነሣሉ። የሁለቱን ዝምድና የሚያነሣ ግን አይገኝም።

ከመኖው ሌላ ትራንስፖርት፣ የላሞች መድኃኒት፣ የማሸጊያ ላስቲክ፣ የፋብሪካ መለዋወጫ አለ። አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። «ላሟ ዶላር ትበላለች እንዴ?» ብሎ ማሾፍ ይቻላል። ወተቱ የታሸገበት ላስቲክና ወተቱን የጫነው መኪና ነዳጅ ግን በዶላር የተገዙ ናቸው።

እንግዲህ ባለሱቁ ምን ላይ ነው የሚከሰሰው? በጣም የተለመደው ክስ ዕቃ ደብቆ ዋጋ ያስጨምራል የሚለው ነው። ስኳር ይደበቃል፤ ዘይት ይደበቃል፤ ሲሚንቶም ተደብቆ ያውቃል። ወተት ግን አይደበቅም። ጥሬው በሰዓታት፣ በሙቀት ታክሞ የታሸገው በቀናት ውስጥ ይበላሻል። ወተት ደብቆ የሚያከብር ነጋዴ ካለ እርጎ ነጋዴ ሆኗል ማለት ነው። ይልቁንም በዚህ ንግድ የመጨረሻውን ኪሳራ የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ባለሱቁ ነው። መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ወተት ሲፈላ ይቋረጣል፤ ደንበኛው ላስቲኩን ይዞ ተመልሶ ይመጣል፤ ገንዘቡም ይመለስለታል። ዱቤው ሲጨመርበት ከአንድ ላስቲክ የሚገኘው ቀጭን ትርፍ ምን ያህል እንደሚቀር መገመት አይከብድም። ባለሱቅ ሁሉ ጻድቅ ነው የሚል የለም። ሂሳብ የሚያዛባ፣ ቀኑ ያለፈበትን የሚሸጥ አለ። ይህ ግን የማጭበርበር ወንጀል ነው፤ የአንድን ከተማ የወተት ዋጋ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል አይደለም።

ሌላው ቅሬታ በየዓመቱ በአቢይ ጾም ይሰማል፤ «ጾም ገብቶ እንኳ አልቀነሰም» ይባላል። ነገሩ ለጆሮ ሚዛናዊ ይመስላል፤ ጠጪ ካነሰ ዋጋ ይወርዳል። የሚረሳው ግን ላሟ የማትጾም መሆኗ ነው። በ55ቱ ቀናት ያው ድርቆሽ፣ ያው ፋጉሎ ይገዛላታል፤ ማለቢያ ሰዓቷም አይዛነፍም። በጾም ወራት የወተት ፋብሪካዎች ከአርቢው የሚረከቡትን መጠን ይቀንሳሉ። የተረፈውን አርቢው እያረጋ ቅቤ ያወጣዋል፤ ማርጋት ያልቻለው በርካሽ ይለቀዋል ወይም ይደፋዋል። የጾም ወራት ጉዳት ዋጋ ሆኖ ወደ ከተሜው ከመድረሱ በፊት ኪሳራ ሆኖ አርቢው ላይ ያርፋል። ያን ኪሳራ በሚቀጥለው ዓመት ላም በመሸጥ የሚወጣው ሲኖር ደግሞ ወተቱ ይበልጥ ያንሳል። በኮልፌ ጉዳዩ ሌላም ገጽ አለው፤ ሰፈሩ ብዙ ሙስሊም የሚኖርበት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. አቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ተጀመሩ። አንዱ ጎረቤት ወተት ሲተው ሌላው ለማፍጠሪያ ይፈልገዋል፤ ሕፃናትና ሕሙማን ደግሞ በሁለቱም ቤት ይጠጣሉ። ዋጋው በጾም ይወድቃል ብሎ መጠበቅ ሰፈሩን አለማወቅ ነው።

የጥራት ወሬም እንደ ዋጋው ወሬ ችኩል ነው። ወፍራም ያልሆነ ወተት ሁሉ «ውኃ ነው»፣ የላስቲክ ወተት ሁሉ «ዱቄት ነው» ይባላል። ፋብሪካዎች ለገበያ ከሚያቀርቡት ወተት ላይ ቅባቱን በከፊል አንሥተው ቅቤና ክሬም ይሠሩበታል፤ ስለዚህ የላስቲኩ ወተት ከጎረቤት ላም ወተት ቢቀጥን ዱቄት መሆኑን አያሳይም። ውኃ የተጨመረበትን ጥሬ ወተት ለመለየት ላክቶሜትር የሚባል ርካሽ መሣሪያ አለ፤ ወተት ውስጥ ሲገባ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ በመንሳፈፍ ጥግግቱን ይናገራል። እሱም ቢሆን ብልጣብልጥ ሊያታልለው ይችላል። ቅባት ሲነሣ ወተቱ ይከብዳል፤ ውኃ ሲገባ ይቀላል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሲደረጉ መሣሪያው ደኅና ነው ይላል። ይህን የሚያውቅ ገዢ የቅባት ምርመራም ይጠይቃል። ወሬው ግን ምላስን ብቻ አምኖ ይፈርዳል።

ምላስ የማያውቀው ከባድ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙናዎች ተወስደው የተሠራና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ አገኘ፤ ከሩብ የሚበልጡት ናሙናዎች በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ነበረባቸው። ዋና ምንጩ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነው። ይህ መርዝ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ወተቱ ቢፈላም አይጠፋም። የጥናቱ ወሬ በወጣበት ሰሞን ከተማው ወተት ፈርቶ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ረሳው፤ ወደ ውኃውና ወደ ዱቄቱ ተመለሰ። እርጥብ መጋዘን ውስጥ የተከመረ ፋጉሎ ከባለሱቁ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባ ነገር ነበር። ባለሱቁ ግን ፊት ለፊት ይታያል፤ ፋጉሎው አይታይም።

የዋጋ ወሬ መለኪያም ይጎድለዋል። ጉሊት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ ይሸጣሉ። የመደቡ ዋጋ ሳይነካ የመደቡ ቁመት ሲያጥር ወሬው «አልጨመረም» ይላል። ጥሬ ወተት በሃይላንድ ሲለካ ሃይላንዱ ባለ አንድ ሊትር ይሁን ያነሰ፣ እስከ አንገቱ ይሞላ እስከ ትከሻው ማንም አይጠይቅም። እንጀራም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ዋጋ ይነገራል፤ ስፋቱና ውፍረቱ አይነገርም። በብር ብቻ የሚወራ ዋጋ ግማሽ ዋጋ ነው።

ይህን ሁሉ ተራ የሰፈር ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ በተቻለ ነበር። ነገር ግን መንግሥትም ጥፋተኛው ነጋዴው ነው የሚለውን ይኸንኑ ፍርድ ሕግ አድርጎ ሲሠራበት ኖሯል። በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ የንግድ ሚኒስቴር 17 በሚሆኑ የሸቀጥ ዓይነቶች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ምክንያቱ ያው ነበር፤ ስግብግብ ነጋዴ። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ዘይትና ስኳር ከሱቅ ጠፉ፤ በተገኙበት ቦታ ሰልፍ ሆነ። ከወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሣ። በ2016 ነሐሴም ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ ብዙ ሱቆች በአዲስ አበባ ታሸጉ። የታሸገ ሱቅ ለቴሌቪዥን ጥሩ ምስል ነው። የላም መኖ ግን አያስረክስም።

ከዚህ የሚሻለው የመንግሥት ሥራ በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው፣ የሌማት ትሩፋት የተባለው የምግብ ምርት መርሐ ግብር ነው፤ ቢያንስ ችግሩ ያለው ምርቱ ላይ መሆኑን ያምናል። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ናት፤ ዜጋዋ በዓመት የሚጠጣው ወተት ግን ከኬንያዊው እጅግ ያነሰ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው። የአገር ላም በቀን የምትሰጠው ከሁለት ሊትር እምብዛም አያልፍም። በ1939 ዓ.ም. ገደማ በእርዳታ የገቡት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ዘመናዊውን የወተት እርባታ ጀመሩት፤ ከእነዚያ ዓይነቶች ጋር የተዳቀለች ላም ብዙ እጥፍ ትታለባለች፤ ከአገሯ ላም አብልጣም ትበላለች። ስለዚህ ላም ማከፋፈል ያለ መኖ ግማሽ ሥራ ነው። ኮልፌን በመሰለ ክፍለ ከተማ ደግሞ ለላም የሚሆን ግቢ ራሱ ለመንገድና ለሕንጻ እየተለቀቀ ሲሄድ፣ በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው እንደ መንሣት ይሆናል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። መልካም ሕግ ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ያሳያል። ለጠጪው የሚጠቅመው የፋጉሎ፣ የፉሩሽካና የድርቆሽ ዋጋ በየሳምንቱ ከወተቱ ዋጋ ጎን ቢለጠፍና ፋጉሎው ስለ ሻጋታ መመርመሩ ቢነገረው ነው። ያን ጊዜ ባለሱቁ ከመኖው አብልጦ የጨመረ እንደሆነ ይታወቃል፤ ክሱም ማስረጃ ይኖረዋል። «ወተት ስንት ገባ?» የሚል የኮልፌ ነዋሪ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ «ፋጉሎስ ስንት ገባ?» ይበል። ጥያቄውንም ለባለሱቁ ሳይሆን ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ያቅርብ።