ሊቅነት በቁና አይሰፈርም

ፕሮፌሰር ዲዲዬ ራውልን የማያስታውስ አለ? ረጅም ነጭ ፀጉርና ጢም ያላቸው የማርሴዩ ማይክሮባዮሎጂስት። በኮሮናው የመጀመሪያ ሰሞን ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒት በሽታውን ይፈውሳል ብለው ዓለምን ያናወጡት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የማነሳቸው ግን ስለ መድኃኒቱ ለመጨቃጨቅ አይደለም። በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች «የእገሌ ጽሑፍ ይህን ያህል ጊዜ ተጠቅሷል» የሚለው ቁጥር ጣዖት እየሆነ ስለመጣ ነው።

ሐቁን ላስቀድም። ሰውዬው ባዶ አይደሉም። የዊፕል በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ ለአሥርት ዓመታት በላቦራቶሪ አልራባ ብሎ ሲያስቸግር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ያራባው የእሳቸው ቡድን ነው። በ2003 ደግሞ ባክቴሪያ የሚያህለውን ግዙፍ ቫይረስ፣ ሚሚቫይረስን፣ ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል ናቸው። በስማቸው የተሰየመ የባክቴሪያ ወገን እንኳ አለ፤ ራውልቴላ ይባላል።

ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው። በስማቸው የወጡት ጽሑፎች ከ2,000 ይበልጣሉ። የአርባ ዓመት ሥራ ነው ብንል እንኳ በየሳምንቱ አንድ ጥናት ማለት ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ በየሳምንቱ አንድ ጥናት አስቦ፣ ሠርቶ፣ መርምሮ የሚፈርም ሰው ማን ነው? ፈረንሳይ ደግሞ ለሆስፒታሎቿ የምርምር ገንዘብ ስታከፋፍል የታተመውን ጽሑፍ ነጥብ እየሰጠች ትቆጥራለች፤ ሥርዓቱ ሲጋፕስ ይባላል። ጽሑፍ በበዛ ቁጥር ነጥቡ ይበዛል፣ ነጥቡ ሲበዛ ገንዘቡ ይመጣል። እንዲህ ባለ ገበያ ማን ዝም ብሎ ይቀመጣል?

ወደ ዝነኛው ጽሑፍ እንምጣ። መጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ወጣ። ለመጽሔቱ በገባ በማግስቱ ተቀባይነት አገኘ፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የዚያው መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበሩ! መድኃኒቱን ከጀመሩት 26 ሕሙማን 6ቱ ከስሌቱ ወጡ፦ ሦስቱ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተወስደው፣ አንዱ ሞቶ፣ ሁለቱ አቋርጠው። በቀሩት 20 ሰዎች ላይ ተመሥርቶ ነው የዓለም መሪዎች ክኒኑን ያሞገሱት። በዚያው ዓመት ሰኔ የብሪታንያው ሪከቨሪ ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱ ከ1,500 በላይ ሕሙማንን ካልወሰዱት ጋር አነጻጽሮ ከሞት እንደማያድን አሳየ። ጽሑፉ ግን እስከ ታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ሳይሰረዝ ቆየ። ራውልና አንዳንድ ባልደረቦቻቸው ዛሬም መሰረዙን አይቀበሉም።

እስከዚያው ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? ከ3,000 ጊዜ በላይ። ልብ በሉ፤ «ይህ ጥናት ስህተት ነው» ብሎ የጻፈውም ሰው ቁጥሩን በአንድ ከፍ አድርጎታል። ኤች ኢንዴክስ የሚሉት መለኪያ ምስጋናና ወቀሳ አይለይም። ቢያንስ 50 ጊዜ የተጠቀሱ 50 ጽሑፎች ያሉት ሰው 50 ያገኛል፤ ለምን እንደተጠቀሱ የሚጠይቀው የለም። ቁና ጤፉን ከእንክርዳዱ አይለይም፤ የገባበትን ሁሉ ይሰፍራል።

አውቃለሁ፣ አሁን አንዱ ይነሳና «ታዲያ ቁጥሩን ከተውን በምን ልንመዝን ነው? በዝምድና? በወንዝ ልጅነት?» ይለኛል። ተገቢ ፍርሃት ነው፤ በአገራችን ስንት ጉድ አይተናል። ግን ቁጥሩ ራሱ ከዝምድና መች ነፃ ሆነና? ዋና አዘጋጁ የራውል ባልደረባ በሆኑበት አንድ ሌላ መጽሔት ላይ ከወጡት ጽሑፎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ የራውል ስም እንዳለበት ተመራማሪዎች ቆጥረው አሳይተዋል። ይህ የወንዝ ልጅነት ካልሆነ ምንድን ነው? እኛም ዘንድ ቢሆን ገንዘብ ከፍለው ማንም በማያነበው መጽሔት የሚያሳትሙ፣ «ስሜን አስገባልኝ፣ ስምህን አስገባልሃለሁ» የሚባባሉ መኖራቸውን ግቢውን የረገጠ ሁሉ ያውቃል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆመው፣ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። የዚያች ቀን ምልከታ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነች፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘች። አንድ ተክል፣ አንድ ጥያቄ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ። ዛሬ ለዕድገት ቢያመለክቱ ኮሚቴው «በዓመት ስንት ጽሑፍ አሳተሙ?» ብሎ አይመልሳቸውም ትላላችሁ?

እንግዲህ ለየዩኒቨርሲቲው የዕድገት ኮሚቴ የምለው ይህ ነው፦ የጽሑፉን ዝርዝር ተውት። አመልካቹ ራሱ የመረጣቸውን ሦስት ጽሑፎች ያምጣ። እናንተም ቁጭ ብላችሁ አንብቧቸው፤ ከዚያ እሱን ጠርታችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት። ጊዜ የለንም የሚል አባል ካለ ከኮሚቴው ይውጣ።