ጠጅ የኮሶ ትልን አይገድልም



በዓል ሲደርስ እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ ቅርጫ ይገባል። ቁርጡና ክትፎው ሲቀርብ ጠጁም በብርሌ ይከተላል። ያኔ በየማዕዱ የምትሰማ አንዲት አባባል አለች፤ «ጠጣበት፣ ትሉን ይገድለዋል!» ጠጅ ከሌለ አረቄ፣ አረቄ ከሌለ ቢራ ይተካዋል።

ጠጅና ክትፎ በጣዕም እንደሚስማሙ አልክድም። የማሩ ጣፋጭነት የሚጥሚጣውን ማቃጠል ያበርዳል፤ የጌሾው ምሬት የቅቤውን ቅባት ከአፍ ያነሳል። ፈረንሳዮችም አረፋማውን ሻምፓኛቸውን ኦይስተር ከሚባል ጥሬ የባሕር ምግብ ጋር ይወዱታል። ሻምፓኙ ግን ኦይስተሩን ከጀርም አያጸዳውም። የእኛም ጠጅ እንዲሁ ነው፤ ጣዕም ያሳምራል እንጂ መድኃኒት አይሆንም።

እስቲ አስቡት። ጠጅ ትል የሚገድል ቢሆን ኖሮ አያቶቻችን ያንን መራራ ኮሶ በየጊዜው ለምን ይጠጡ ነበር? ጠጁም ጥሬ ሥጋውም በእጃቸው ነበር፤ ትሉም አልቀረላቸውም። (ኮሶውም ቢሆን መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን ይጎዳል፤ ወደ እሱ ተመለሱ እያልኩ አይደለም።)

የትሉ እጭ በከብቱ ሥጋ ውስጥ በትንሽ ከረጢት ተሸፍኖ ይቀመጣል። ስንውጠው የሆዳችን አሲድና ሐሞት ከረጢቱን ይፈቱለታል፤ እጩ ጭንቅላቱን አውጥቶ ቀጭኑ አንጀት ላይ ይጣበቃል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በሜትር የሚለካ ትል ይሆናል። የጠጅ አልኮል እንደ ወይን ጠጅ ቀላል ነው፤ ሆድ ውስጥ ከምግብና ከፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ይበልጥ ይቀጥናል። እጩን አይነካውም። አዋዜውም፣ ሰናፍጩም፣ ሚጥሚጣውም አይነኩትም።

የሚገድለው እሳት ነው። የሥጋው መሐል ድረስ 63 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ለብለብ እዚያ አይደርስም። ጥሬ ካልበላን የምትሉ፣ ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በበለጠ ቅዝቃዜ ቢያንስ 10 ቀን አቆዩት፤ በመሐል መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው። ይህም ቢሆን ለትሉ እንጂ ለባክቴሪያ ዋስትና አይሆንም። ሰፈር ውስጥ የታረደ የቅርጫ ሥጋ ደግሞ የቄራ መርማሪ አላየውም። መርማሪ ያየውም ቢሆን ጥቂት እጭ ብቻ ካለበት ሊያመልጥ ይችላል።

እናንተ አዋቂዎች አውቃችሁ ብትበሉ ምርጫው የራሳችሁ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በፍቅር ተጠቅልሎ ለልጅ የሚሰጠው ጉርሻ፣ ከዚያም «እንዳያመው» ተብሎ የሚቀመሰው ጠጅ ነው። ልጁ ትሉንም አልኮሉንም አንድ ላይ ይወስዳል። የልጅ ሰውነት ትንሽ ስለሆነ አልኮል ቶሎ ይጎዳዋል፤ የደሙን ስኳር አውርዶ ራሱን ሊያስት ይችላል። ለልጅ ክትፎውን አብስሉለት፣ ውኃ አቅርቡለት።

«ብርዝስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ብርዝ ጌሾ ባይገባበትም ሲቆይ ይፈላል፤ ሲፈላ አልኮል ያበጃል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ትኩስ ብርዝም ሆነ ጠብታ ማር አትስጡ። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ አምጪ ጀርም የሕፃኑን ጡንቻ አዝሎ ትንፋሹን እስከማቋረጥ ይደርሳል። ሲወለድ ማር ማላስ የቆየ ልማድ ቢሆንም በዚህ አልደራደርም።

እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የቲቢ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነ ጠጁ ይቅርባችሁ። የቲቢ መድኃኒቱ ብቻውን ጉበትን ሊጫን ይችላል።

አሁን ልጃችሁ ሰገራ ላይ ወይም የውስጥ ልብሱ ላይ ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ አንዳንዴም የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ካያችሁ የትሉ አካል ሊሆን ይችላል። ሆድ ቁርጠት ወይም የምግብ ፍላጎት መቀነስ አብሮት ሊኖር ይችላል፤ ምንም ስሜት ላይኖርም ይችላል። አትደንግጡ፣ በግምትም የትል መድኃኒት አትግዙ። ለዚህ ትል የሚመረጡት ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ መውሰድ ይበቃል፤ መጠኑ ግን በልጁ ክብደት ይሰላል። ያያችሁትን ቁራጭ በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ።