የእሳት አደጋ ሠራተኛ በምን ይመዘን?

እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል በተባለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ማድቤት እሳት ተነሣ። የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ የተመዘገበው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ላይ ነው። 6 ሰዓት ከ59 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከቦታው ነበሩ። የለንደን የእሳት አደጋ አገልግሎት ለራሱ ያወጣው መለኪያ የመጀመሪያው መኪና በአማካይ በ6 ደቂቃ ውስጥ ይድረስ የሚል ነው፤ በዚያ ሌሊት መለኪያው ተሟልቷል። ሕንጻው ግን እስከ ጣሪያው ነደደ። 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይገኙበታል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የምርመራው የመጀመሪያ ሪፖርት ወደ ላይ የወጡትን ሠራተኞች ጀግንነት አመስግኗል። እሳቱን እንዲያ ያዛመተውም በግድግዳው ላይ የተለበጠው ተቀጣጣይ ሽፋን መሆኑን ለይቷል። አገልግሎቱን የወቀሰው በሌላ ጉዳይ ነው። ለነዋሪዎቹ የተሰጠው «ከቤታችሁ አትውጡ» የሚለው ምክር እስከ 8 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ድረስ አልተነሣም። አዛዦቹ እንዲህ ያለ ሕንጻ በውጭ ግድግዳው በኩል ሲነድ ምን እንደሚያደርጉ አልሠለጠኑም። ነዋሪውን በሙሉ ለማስወጣት የተዘጋጀ ዕቅድም አልነበረም። የሦስቱም ጥፋቶች ሥር መኪናው ከጣቢያው ከመነሣቱ ከወራትና ከዓመታት በፊት የተተከለ ነው፤ በደቂቃ የሚቆጥር መለኪያ ሊያያቸው አይችልም።

ደቂቃ ለመቁጠር ይቀላል። ስልኩ የተነሣበትና መኪናው የቆመበት ሰዓት ይታወቃል፣ አንዱ ከሌላው ይቀነሳል፣ አለቀ። ለዚህም ይመስለኛል በየአገሩ ያሉ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ አስቀድመው ይህን ቁጥር የሚያወጡት። እኔ ደቂቃን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ በጭስ ለታፈነ ሕፃን ሁለት ደቂቃ ሕይወት ነው። የምቃወመው ደቂቃው የዕቅዱ ሁሉ አዛዥ ሲሆን ነው።

ብሪታንያ ይህን ስሕተት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖራበታለች። አገሪቱ በአደጋ ሥጋት ደረጃ ተከፋፍላ ነበር። ትልልቅ ሱቆችና ፋብሪካዎች የተጨናነቁበት የከተማ እምብርት ከፍተኛውን ደረጃ ይይዛል፤ ሁለት መኪኖች በ5 ደቂቃ፣ ሦስተኛው በ8 ደቂቃ መድረስ አለባቸው። ከከተማው ወጣ ላሉ የመኖሪያ ሰፈሮች አንድ መኪና ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ ለገጠሩ 20 ደቂቃ። ደረጃው የተሰጠው ለሕንጻው እንጂ ለሰው አልነበረም። በእሳት የሚሞተው ሰው ግን በአብዛኛው የሚሞተው በገዛ ቤቱ፣ በሌሊት ነው፤ ሠራተኛ ሁሉ ዘግቶት የሄደው የንግድ ማዕከል ደግሞ ፈጣኑን አገልግሎት ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2002 የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ባደረጉበት ወቅት የቀረበው የሰር ጆርጅ ቤይን ጥናት ይህን በግልጽ ተናገረ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በስኮትላንድ በ2005 የወጡት ሕጎች እሳት መከላከልን የአገልግሎቱ ሕጋዊ ግዴታ አደረጉት፤ አሮጌው የደቂቃ ሠንጠረዥም በየአካባቢው የሥጋት ጥናት ተተካ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የስኮትላንድ መንገድ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2013 ስምንት የነበሩት አገልግሎቶች ተዋሕደው አንድ ብሔራዊ የእሳትና ነፍስ አድን አገልግሎት ሆኑ። መንግሥት ከአገልግሎቱ ምን እንደሚጠብቅ በአንድ ማዕቀፍ ይጽፋል፤ አገልግሎቱ በዚያ ላይ የሦስት ዓመት ስትራቴጂ ያወጣል፤ ከዚያም ለ32ቱም የአካባቢ ምክር ቤቶች ለየራሳቸው ዕቅድ ይዘጋጃል። አንድ ራሱን የቻለ የኢንስፔክተሮች መሥሪያ ቤት ሥራውን እየመረመረ ያየውን ለሕዝብ ያትማል። ወረቀቱ ብዙ ነው። ቢሆንም የአንድ ተቋም ቅድሚያ የሚታወቀው በወረቀቱ ሳይሆን ምን አልሠራም እንዳለ ሲታይ ነው፤ በዚህ በኩል ስኮትላንዳውያን ብዙዎች የማይደፍሩትን ደፍረዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቢሮዎች፣ በትምህርት ቤቶችና በሱቆች የተገጠሙ በራሳቸው የሚሠሩ የማንቂያ ደወሎች በዳቦ መጥበሻ ጭስ፣ በአቧራ፣ በብልሽት ይጮኻሉ። አገልግሎቱ በዓመት ከ28 ሺህ በላይ እንዲህ ላለ ከንቱ ጥሪ ይወጣ ነበር፤ በራሱ ስሌት መኪኖቹ ደወላቸውን እያሰሙ 57 ሺህ ጊዜ ያለ ጥቅም ተመላልሰዋል። በደቂቃ ብቻ ብትመዝኗቸው እነዚህ ሁሉ ጉዞዎች መልካም ውጤት ናቸው፤ ጥሪ መጣ፣ መኪና በሰዓቱ ደረሰ፣ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ግን በሥራ ቦታ ደወል ስለጮኸ ብቻ መኪና አይላክም ተባለ። የሕንጻው ኃላፊ ሄዶ አይቶ እሳት መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። ሰው የሚተኛባቸው ሆስፒታሎች፣ የአረጋውያን መጦሪያዎች፣ ሆቴሎችና መኖሪያ ቤቶች ከዚህ ውጪ ናቸው፤ ለእነርሱ አሁንም ደወሉ እንደጮኸ ይወጣል።

ይህች ልዩነት እንዲያው ለደንብ የገባች አይደለችም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2004 ሮዝፓርክ በተባለ የስኮትላንድ መጦሪያ ውስጥ እሳት ተነሥቶ 14 አረጋውያን ሞተዋል። ደወሉ ከጮኸ በኋላ ለእሳት አደጋ እስኪደወል 9 ደቂቃ አልፎ ነበር። ሮጦ ማምለጥ የማይችል ሰው ባለበት ቤት «አስቀድመህ አረጋግጥ» ማለት ነፍስ ያስከፍላል፤ ቀን ቀን ሰው በሚሠራበትና ማታ ባዶ በሚሆን ቢሮ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዚያ የተረፈው ሰዓት ለሥልጠናና ቤት ለቤት ለሚደረግ የእሳት ደኅንነት ጉብኝት እንዲውል ነበር የታሰበው። እኔ ቅድሚያ መስጠት የምለው ይህን ነው። አንዱን ማስቀደም ሌላውን ማስቀረትን ይጠይቃል፤ ያንን ደግሞ ለሕዝብ በአደባባይ መናገርን።

ጉብኝቱ ራሱ ሌላ የመለኪያ ወጥመድ አለው። ሠራተኞች ወደ ሰው ቤት ገብተው ጭስ ጠቋሚውን ይፈትሻሉ፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያውን ያያሉ፣ ሌሊት በየት እንደሚወጣ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራሉ። በዚያ አገር በእሳት የመሞት አደጋ የሚበረታው ብቻቸውን በሚኖሩ፣ በዕድሜ በገፉ፣ በሚያጨሱ፣ መንቀሳቀስ በሚቸግራቸው ሰዎች ላይ ነው። የጉብኝት ብዛት ብቻ ከተቆጠረ ደግሞ ጣቢያው በሩን ፈጥኖ የሚከፍትለትን ጤነኛ ቤተሰብ እየጎበኘ ቁጥሩን ይሞላል፤ በሯን የማትከፍተው አሮጊት ሳትጎበኝ ትቀራለች። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ቤት ተጎበኘ ሳይሆን የማን ቤት ተጎበኘ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ በስኮትላንድ ማንኛውም መኖሪያ ቤት እርስ በርስ የተያያዙ ጭስ ጠቋሚዎች እንዲኖሩት በሕግ መደንገጉም ከጥሪው በፊት የመከላከል ሥራ ነው፤ ሳሎን ያለው ሲጮኽ የመኝታ ቤቱም አብሮ ይጮኻል።

ስኮትላንድ ሁሉን አስተካክላለች ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በበጀት እጥረት 10 የእሳት አደጋ መኪኖች ከአገልግሎት ሲወጡ የሠራተኞች ማኅበሩ አጥብቆ ተቃውሟል፤ ተቃውሞውም ሊሰማ የሚገባው ነበር። መከላከል ላይ አተኩረናል የሚል ቃል ለቁጠባ ሽፋን ሊሆን ይችላል። ከ350 በላይ ከሆኑት ጣቢያዎች አብዛኞቹ የሚንቀሳቀሱት ሌላ ሥራ እየሠሩ ሲጠሩ በሚሮጡ ሰዎች ነው፤ የገጠሩ ወጣት ወደ ከተማ ሲፈልስ መኪናው ቆሞ ነጂ የሚታጣበት ቀን ይመጣል። እንዲህ ያለ ሥጋት የሚታየው መለኪያው ሲበዛና ሲታተም ነው፤ ሕዝብ አይቶ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ።

በእኛ አገር አንድ ብሔራዊ አገልግሎት የለም፤ ሥራው በየከተማው ነው። ከአዲስ አበባ የእሳት ዜና በኋላ ግን ሁሌ አንድ ዐረፍተ ነገር እንሰማለን፤ ይህን ያህል ብር የሚገመት ንብረት ወደመ፣ ይህን ያህል ብር የሚገመት ንብረት ማዳን ተቻለ። ሁለተኛው ቁጥር ያስጨንቀኛል። «የዳነ» የሚባለው በአቅራቢያው የነበረና ያልተቃጠለ ንብረት ሁሉ ከሆነ፣ ውድ ሱቆች አጠገብ የተነሣ እሳት ከድሃ ሰፈር እሳት የላቀ የሥራ ውጤት ሊመስል ነው። በአሮጌው የብሪታንያ ሠንጠረዥ ውስጥ የነበረው ስሕተት ይኸው ነበር፤ ከሰው ይልቅ ንብረት ሚዛኑን ያዘ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መኪኖቹ እንደልብ እንዳይገቡ የመንገዱ ጥበት ማስቸገሩ ተነግሯል። ብዙዎች የዕድሜ ልክ ልፋታቸውን ያጡበት ሌሊት ነው። መንገዱ የጠበበው ግን በዚያ ማታ አይደለም። በ939 ደውሎ መኪና ጠብቆ ከመመዘን ይልቅ፣ ከጥሪው በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች በየክፍለ ከተማው ተቆጥረው በየዓመቱ ቢታተሙ እወዳለሁ። መኪና የማይገባባቸው የገበያ ተራዎች የትኞቹ ናቸው? ከእነርሱ መካከል በዚህ ዓመት የተከፈቱት ስንት ናቸው? የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃዎቹ ሲሞከሩ ውሃ የሰጡት ስንቶቹ ናቸው፣ ሌሎቹስ መቼ ይጠገናሉ? ሰው የሚተኛባቸው ሆስፒታሎች፣ ሆቴሎችና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሹት መቼ ነው፣ ጉድለት ተገኝቶባቸው ያላስተካከሉትስ እነማን ናቸው? ለእነዚህ መልስ ለማግኘት አዲስ መኪና መግዛት አያስፈልግም፤ መዝገብና እሱን ይዞ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ሠራተኛ ይበቃል።